ለዶክ ሥር ክራፒ የምትሆን የ40 ዶላር ዘንግ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። «ጋሼ፣ ሱቅ ነኝ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹ ፊት ቆሜያለሁ። የቱን ላንሳ?» አለኝና ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረው። ከዳር እስከ ዳር ዘንግ ነው። የ15 ዶላር አለ፣ የ200 ዶላርም አለ። ልጁ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወርዳል፣ ይጭናል። ከሚያገኛት ላይ ለእናቱ ይልካል። «ምንም እንዳታነሳ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሄዳለን» አልኩት።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ያወራነውን፣ ሱቁ ውስጥም በእጁ እየነካ ያየውን ነው እዚህ የምጽፈው። አትላንታ ዙሪያ ከማውቃቸው ሰዎች ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የጀመሩ አሉ። የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሳላወጣ ክራፒ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን ዘንግ የቱ ነው? መልሴ አጭር አይደለም፤ ምክንያቱም የት እንደምታጠምድ ካላወቅኩ መልሱን አላውቀውም። እኔ የማጠምደው ዶክ ሥር፣ ሐይቅ ዳር ካለ የጀልባ ማሰሪያ መድረክ ሥር ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ዶክ ነው።

ያደግኩት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። እኛ ሠፈር ልጆች ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረንም። ናይለን ክር ቁራጭ እንጨት ላይ እንጠቀልላለን፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ እናስራለን፣ ትል እንሰካለን፣ እንወረውራለን። ክሩን ሌባ ጣታችን ላይ እናሳልፈዋለን። ዓሣዋ ቆሮሶ ስትነካካው ሌላ ነገር አያስፈልግህም፤ ጣትህ ያውቃል። አባ ኮዳዎቹ ከኋላችን ቆመው የድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አሜሪካ መጥቼ ዘንግ ልገዛ ስነሳ የፈለግኩት ያንኑ ነበር። የዓሣው ንክኪ እጄ ድረስ እንዲመጣልኝ። ያንን እስካገኝ ሦስተኛ ዘንግ ላይ ደረስኩ።

መጀመሪያ ስለ ዓሣው ልንገራችሁ። ክራፒ የአማርኛ ስም የለውም። ጠፍጣፋ ነው፤ ጎኑ ብርማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ጥሩ የሚባለው ከእጅ መዳፍ ትንሽ ያልፋል። ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥቁር ክራፒና ነጭ ክራፒ ይባላሉ። ከቀለሙ ይልቅ የጀርባውን እሾህ መቁጠር ይሻላል። ነጩ 5 ወይም 6 አለው፣ ጥቁሩ 7 ወይም 8።

ለዘንግ ምርጫ ግን ዋናው ነገር አፉ ነው። አሜሪካኖቹ «ወረቀት አፍ» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። አንዱን ይዛችሁ አፉን ብትከፍቱትና ወደ ብርሃን ብታዞሩት በከንፈሩ ጎን ያለው ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል። ስስ ነው። መንጠቆው እዚያች ስስ ቆዳ ላይ ነው የሚይዘው። በኃይል ከጎተትክ ትቀደዳለች፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ዓሣው ይሄዳል። አፉ የተቀደደ ዓሣ ደግሞ ቀርቶብህ ብቻ አይደለም፤ ቆስሎ ነው የሄደው። እኔን ያ ነገር ይከብደኛል።

ሁለተኛው ነገር ክራፒ ወደ ላይ የሚያይ ዓሣ ነው። ከሥሩ ያለውን ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ነው ተነስቶ የሚወስደው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ጎትቶኛል» የሚባል ነገር የለም። አንዲት ትንሽ «ጠቅ» ትሰማለህ። አንዳንዴ እሷም የለችም፤ ተወጥሮ የነበረው ክር በድንገት ይላላል። ዓሣው ጂጉን፣ ማለትም ጭንቅላቷ ላይ ክብደት ያላትን ላስቲክ የለበሰች ትንሽ መንጠቆ፣ አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲነሳ ክብደቱ ጠፋ ማለት ነው። ያቺን መላላት ያልነገረህ ዘንግ ምንም አልጠቀመህም።

አሁን ወደ ቦታው። እኔ የምሄደው ላኒየር ሐይቅ ነው፤ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ቡፎርድ ላይ የቻታሁቺን ወንዝ ሲገድቡ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ስሙን ያገኘው ከጆርጂያው ባለቅኔ ከሲድኒ ላኒየር ነው። ዳርቻው እንደ ጣት የተበታተነ ነው፤ እያንዳንዱ ወሽመጥ ውስጥ ዶክ አለ። ዶክ ማለት ሰው ከቤቱ ወርዶ ጀልባውን የሚያስርበት መድረክ ነው። ብዙዎቹ ጣሪያ አላቸው። የሐይቁ ከፍታ ስለሚወጣና ስለሚወርድ እዚህ ያሉት ተንሳፋፊ ናቸው፤ ከውሃው ጋር ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ።

ዓሣው ዶክ የሚወደው ለጥላው ነው። ለምግቡም ነው። ተንሳፋፊው ላይ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፣ እሱን ፍለጋ ጥቃቅን ነገር ይመጣል፣ ያንን ፍለጋ ትንንሽ ዓሣ ይመጣል፣ ትንንሹን ፍለጋ ክራፒ ይመጣል። አንዳንድ ባለቤቶች ደግሞ ገና ካለፈ በኋላ የገና ዛፋቸውን ድንጋይ አስረው ከዶኩ ሥር ያሰምጡታል። እንዲህ ያለ ዶክ ካገኘህ ቦታውን ምልክት አድርገህ ያዝ።

ችግሩ ክራፒው የሚቆመው ከዶኩ ፊት አለመሆኑ ነው። ከሥሩ፣ ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ ነው። በመድረኩና በውሃው መካከል ያለው ክፍተት አንዳንዱ ጋ ክንድ አይሞላም። ከላይ አንስተህ ብትወረውር ጣሪያውን ወይም የሰውየውን ጀልባ ነው የምትመታው። ስለዚህ አይወረወርም፤ ይተኮሳል። እዚህ አገር ስሙም «መተኮስ» ነው።

አተኳኮሱን ቀስ ብዬ ላሳያችሁ፤ ዘንጉን የሚመርጠው እሱ ነውና። ክሩን ከዘንጉ ጫፍ የዘንጉን ግማሽ ያህል ታስረዝመዋለህ። ጂጓን በግራ እጅህ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል፣ ጭንቅላቷን ነው የምትይዘው። የመንጠቆው ሹል ወደ ውጭ፣ ከጣትህ ርቆ ይሁን፤ ይህን አትርሳ። በቀኝ እጅህ ሪሉን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን፣ ከፍተህ ክሩን በሌባ ጣትህ ትይዛለህ። የዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ወደ ዶኩ ሥር ያነጣጥራል። አሁን ጂጓን ወደ ወገብህ ትስባለህ። ዘንጉ ደጋን ይሆናል። ከዚያ ግራህን ትለቃለህ፤ ዓይን ሳይከድን ቀኝ ጣትህም ይከተላል። ጂጓ ውሃውን ታክካ ትበራለች። ጥሩ ከሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ ስንወረውር እንደምትዘለው ሁለቴ ሦስቴ ነጥራ ጨለማው ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን ድምፁን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዝም።

ጂጓ ስንት ትመዝናለች መሰላችሁ? እኔ የምጠቀምባት አንድ አሥራ ስድስተኛ አውንስ ናት፤ ሁለት ግራም አትሞላም። አንዲት ፔኒ እንኳ 2.5 ግራም ናት። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ደግሞ የዚህችን ግማሽ አደርጋለሁ፤ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ አውንስ፣ ከአንድ ግራም በታች። ይህችን ቅንጣት በራሷ ክብደት የትም አትወረውራትም። የሚወስዳት የዘንጉ መታጠፍ ነው።

እንግዲህ ሁለት የሚጣሉ ነገሮች መጡ። ለአፉ ስትል ዘንጉ ለስላሳ መሆን አለበት። ለመተኮስ ደግሞ ጉልበት ያስፈልገዋል። ሱቅ ውስጥ «ለክራፒ ምን ይሻላል?» ብትል ብዙ ሰው «ለስላሳውን ውሰድ» ይልሃል። ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ክር ቁልቁል ለሚያወርድ ሰው ምክሩ ልክ ነው። ዶክ ለሚተኩስ ግን አይሆንም። እኔ በዚህ ምክር ገንዘቤን አውጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ዘንጌ 7 ጫማ የሆነ መካከለኛ ዘንግ ነበር፤ ባስ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን። ጠንካራ፣ ጥሩ ዘንግ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለክራፒ አልሆነም። ጫፉ ስለማይታጠፍ ዓሣው ሲነካው የሚሰጥ ነገር የለም። የዚያን ዓመት መጋቢት አንድ ጠዋት ስድስት ክራፒ ያዝኩ፤ አራቱ ጀልባው አጠገብ ሲደርሱ አፋቸው ተቀዶ ሄዱ። ርዝመቱም ሌላ ጣጣ ነው። ትንሽዬ የአሉሚኒየም ጀልባ ውስጥ ተቀምጠህ 7 ጫማ ዘንግ ዶክ ሥር ዝቅ አድርገህ መተኮስ አይመችም። ጫፉ ውሃ ይነካል፤ ወይም ምሰሶ ይመታል።

ሁለተኛው የዚያ ተቃራኒ ነበር። 4 ጫማ ተኩል፣ 12 ዶላር፣ እንደ ስንደዶ የሚወዛወዝ። ዓሣ ከያዘ አያስመልጥም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን አይተኩስም። ጂጓን ስስብ ዘንጉ ከእጀታው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ ስለቃት ጉልበት የላትም። አምስት ጫማ ርቀት ላይ ጠብ ትላለች። የበዛ ሲታጠፍ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ክሩ በሚያልፍበት ላይኛው ቀለበት ውስጥ ያለው ነጭ ሸክላም በሁለተኛው ወር ተሰነጠቀና ክሬን ይቆርጠው ጀመር። ዓሣ መስሎኝ ስንት ቀን እንደተበሳጨሁ! ቆራጩ ቀለበቱ ነበር።

መፍትሔውን ያሳየኝ ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ የጌንስቪል ሰው ነው፤ ላኒየርን ከልጅነቱ ያውቀዋል። አንድ ቀን ዘንጉን ሰጥቶኝ «ተኩስ» አለኝ። ተኮስኩ። ጂጓ ዶኩ ጀርባ ደረሰች። ዘንጉን አገላብጬ አየሁት። 5 ጫማ ተኩል ነው። ላይኛው ሲሶ እንደ ጅራፍ ጫፍ ለስላሳ ነው። ከመሃሉ በታች ግን አልታጠፍም ይላል። ነገሩ ያ ነበር። ለስላሳነቱ ጫፉ ላይ፣ ጉልበቱ ወገቡ ላይ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ መኪና ውስጥ ያልኩት ይህን ነው፤ «ስለ ብራንድ እርሳ። ከ5 እስከ 6 ጫማ፣ አልትራላይት (እጅግ ቀላል) የተጻፈበት፣ ጫፉ የሚሰጥ፣ ወገቡ የሚቆም። ከ50 ዶላር በላይ አታወጣም።» እሱም «ጋሼ፣ የ200 ዶላሩስ?» አለ። የ200 ዶላሩ ክፉ አይደለም። ይቀላል፤ ንክኪውንም የበለጠ ያሳውቃል። ግን ከ12 ዶላሩ ወደ 40 ዶላሩ ስትወጣ የምታገኘው ለውጥና ከ40ው ወደ 200ው ስትወጣ የምታገኘው ለውጥ አይወዳደርም። የመጀመሪያው ዝላይ ዓሣ ያስይዛል። ሁለተኛው እጅህን ደስ ያሰኛል። ለእናቱ የሚልክ ልጅ የመጀመሪያው ይበቃዋል።

ሱቁ ገባን። ከእጀታው በላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን እንዲያነብ አደረግኩት። ሦስት ነገር አለበት። አንደኛው የክር ጥንካሬ ነው፤ ከ2 እስከ 6 ፓውንድ የሚል ይፈለጋል። ሁለተኛው የጂግ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ታችኛውን ቁጥር ተመልከት፤ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ወይም አንድ አሥራ ስድስተኛ አውንስ ይበል። ከአንድ ስምንተኛ የሚጀምር ከሆነ መልሰህ ስቀለው። ሦስተኛው አተጣጠፉ ነው። ፋስት የሚለው ከጫፉ ነው የሚታጠፈው፤ ሞደሬት የሚለው እስከ ወገቡ ይወርዳል። ለዶክ ፋስት ወይም የሁለቱ መካከል የሆነው ይሻላል። ግን ጽሑፉን ብቻ አትመን። የአንዱ ፋብሪካ አልትራላይት የሌላው ላይት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለካ የጋራ ሚዛን የላቸውም። እጅህ ነው ሚዛኑ።

ስለዚህ አንድ በአንድ አወረድናቸው። እሱ እጀታውን ይዞ ይቆማል፤ እኔ ጫፉ አጠገብ ያለውን ክፍል በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ታች እጎትታለሁ። መታጠፉ የት ይጀምራል? የት ያቆማል? እሱን ነው የምናየው። ጫፉን ብቻ ይዞ ወደ ላይ ማጠፍ ግን ክልክል ነው። ዘንጉ የተሠራበት ግራፋይት እንደዚያ ነው የሚሰበረው፤ የሱቅ ዕቃ ሰብሮ መውጣትም ነውር ነው። ሦስተኛው ላይ ልጁ ራሱ «ይሄ ሁሉም ነገሩ ይታጠፋል» አለ። አልተሳሳተም። አምስተኛው ላይ «ይሄ ደግሞ ምንም አይሰጥም» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም አልኩ። ገብቶታል።

ሁለት ቀሩ። አንዱ 29 ዶላር፣ ሌላው 42 ዶላር። አተጣጠፋቸው ተቀራራቢ ነው። ያኔ ወደ ዝርዝሩ ገባን። ከኪሴ ጥጥ አወጣሁ። አዎ፣ ጥጥ ይዤ ነው የምሄደው። በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፈህ ታዞረዋለህ። ስንጥቅ ወይም ሸካራ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ዓይን የማያየውን ጥጥ ያገኘዋል። ክሬን ሲቆርጠኝ የከረመው ቀለበት ያስተማረኝ ይህን ነው። ሁለቱም አለፉ። ቀጥሎ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ቀለበቶቹን ከእጀታ እስከ ጫፍ ማየት ነው፤ በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። የ29 ዶላሩ ሦስተኛ ቀለበት ወደ ግራ ያዘነብላል። ቁጥራቸውንም ቆጠርን። ለ5 ጫማ ተኩል ዘንግ ከጫፉ ቀለበት ሌላ ስድስት ያህል ቢኖር ጥሩ ነው። የ29 ዶላሩ አራት ነው ያለው። ቀለበት ሲያንስ ዘንጉ በታጠፈ ቁጥር ክሩ የዘንጉን ገላ ይነካል፤ ስትተኩስ ያንን ነው የምትከፍለው፤ ርቀት ይቀንስብሃል።

ከሁለት ቁራጭ የሚገጣጠም ስለሆነ መገጣጠሚያውንም ነካን። አስገብተህ በቀስታ ስታወዛውዘው «ቀጭ ቀጭ» ካለ አይሆንም። የቡሹ እጀታ ጥቂት ቀዳዳ ቢኖረው ግድ የለም። አንዳንዱ ቀዳዳውን በሙጫና በቡሽ ዱቄት ደፍነው ያሳምሩታል፤ በዓመቱ ይረግፋል። ፎም እጀታ ያለው ይረክሳል፣ ይጠቅማልም። እኔ ቡሽ የምወደው በየካቲት ጠዋት እጅ ስለማያቀዘቅዝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

42 ዶላሩን ወሰደ።

የብራንድ ስም ለምትፈልጉ፣ እጄ ላይ የገቡትን ልጥቀስ። አግሊ ስቲክ ጂኤክስ2 የሚባለውን አልትራላይት ለልጆችና ገና ለሚጀምር ሰው ደጋግሜ አስገዝቻለሁ። ግራፋይትና ፋይበርግላስ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ብርሃን የምታሳልፍ ቁራጭ ፋይበርግላስ ናት። ቀለበቶቹ ከአንድ ወጥ የማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ሸክላ ስለሌለ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። መኪና ውስጥ ተወርውሮ፣ በር ላይ ተደግፎ የሚኖር ዘንግ ነው። ከንጹሕ ግራፋይት ጥቂት ይከብዳል፤ ያ የፋይበርግላስ ባሕርይ ነው። ለዶክ ተብሎ የተሠራ ከፈለጋችሁ ደግሞ በሚሲሲፒ ዌስት ፖይንት ያለው የዘንግ ኩባንያ ቢ ኤን ኤም «ሻርፕሹተር» የሚል አለው፤ የጎረቤቴ እሱ ነው። ከአግሊ ስቲክ ትንሽ ይወደዳል። አንድ ዓመት ዶክ ከተኮሳችሁና ከወደዳችሁት ያኔ አስቡበት።

የእኔዋ ግን ስሟን የማታውቋት የ40 ዶላር ግራፋይት ናት። አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቡሿ ጠቁሯል፣ ከላይ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ያለው ቀለም ተላጧል። ክሩን በሌባ ጣቴ ስይዛት ሐዋሳ ውሃ ዳር የማውቀው ያ «ጠቅ» ይመጣል። ከሷ ሌላ አልፈለግኩም።

ሪል ላይ ብዙ አልቆይም። 500 ወይም 1000 የሚል ቁጥር ያለው ትንሽ ሪል ይበቃል፤ 25 ዶላር አካባቢ። ዋናው ሚዛኑ ነው። ሪሉን ገጥመህ ዘንጉን ከሪሉ ትንሽ ወደፊት በአንድ ጣትህ ላይ አስቀምጠው፤ ጫፉ ቁልቁል ካልወደቀ ጥሩ ነው። ጫፉ የሚከብድ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንጓህ ይነግርሃል። ድራጉን፣ ክሩ ሲሳብ የሚይዘውን የሪሉን ፍሬን፣ አላላው። ዓሣው ሲፈራገጥ ክር ይውጣለት፤ አፉን አስቡ።

ክር 4 ፓውንድ ሞኖ (ነጠላ ናይለን)፣ ቀለሙ ቢጫ ወይም ደማቅ አረንጓዴ። ዓሣው ያየዋል ብላችሁ አትስጉ፤ እኔ በዚሁ ክር ነው የምይዘው። ደማቅ የሚሆነው ለእናንተ ዓይን ነው። ቅድም ያልኩት የክር መላላት፣ ጥላ ውስጥ የምታዩት ክሩ ከታያችሁ ነው። ዶክ ሥር ግማሹ ንክኪ በእጅ አይመጣም፤ በዓይን ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። ዘንግ 42፣ ሪል 25፣ ክር 6፣ ጂግ ከነላስቲኩ 8። ታክሱን ሳይጨምር 81 ዶላር። ፈቃዱን እዚያው ሱቁ በር ላይ በስልኩ አወጣ። ጆርጂያ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይችልም፤ «ማን ያየኛል» አትበሉ። በቀን መያዝ የሚፈቀደውም 30 ክራፒ ነው። እኛ ያን ያህል አንይዝም፤ ለምንበላው ብቻ ነው።

ስለ ዶኮቹም አንድ ነገር። ውሃው የሕዝብ ነው፤ ዶኩ ግን የሰው ነው። አትውጡበት፣ ጀልባ አትሰሩበት። ጂግ የጀልባ ልባስ ላይ ከተሰካ ቀስ ብሎ መንቀል እንጂ ክር በጥሶ ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ነገ ልጅ እጁን ያደርግበታል። ባለቤቱ ወንበር አውጥቶ ቡናውን እየጠጣ ከሆነ እኔ እጄን አንስቼ ሰላም ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሁለት ሦስቴ ሰላም ካልኩት በኋላ «ና፣ እዚህ ተኩስ» ያለኝ ሰው አለ።

ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በጋራ የገዛናትን ጀልባ ይዘን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ወቅቱ አሁን ነው። ውሃው ወደ 60 ፋራናይት ሲጠጋ ክራፒው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳር መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ዶኮቹ ላይ ይከማቻል። ልጁን ከፊት አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሰፊ ክፍተት ያለው ዶክ መረጥኩለት። የመጀመሪያዋ ጂግ ወደ ሰማይ ሄደች። ሁለተኛዋ ምሰሶ መታች። «ቀኝ ጣትህን ቶሎ ትለቃለህ» አልኩት። አሥረኛዋ ላይ ገባች፤ ግን አጠረች። ሃያኛዋ ላይ ይሁን ሠላሳኛዋ አላውቅም፤ ውሃውን ሁለቴ ነጥራ ጨለማው ውስጥ ጠፋች።

«አሁን ምንም አታድርግ። ትስመጥ። ክሩን እይ» አልኩት።

ቢጫው ክር ከዘንጉ ጫፍ ወደ ጥላው ተዘርግቶ ይታያል። ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ቆመ። ገና ወደ ታች መሄድ ሲገባው ቆመ፤ ትንሽም ላላ።

«ጋሼ፣ ቆመ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንሳው፤ ቀስ ብለህ።»

አነሳ። የዘንጉ ጫፍ ጎብጦ ወደ ውሃው ሰገደ፤ ወገቡ ግን ቆመ። ሱቁ ውስጥ በጣታችን ያየነው መታጠፍ ራሱ ነው፤ አሁን ዓሣ ነው የያዘው። ሪሉ ሁለት ጊዜ «ክርርር» አለ። ልጁ አልጎተተም። ጠበቀ። ዓሣው ከጥላው ወጣ፤ ጎኑ ፀሐይ ሲነካው ብልጭ አለ። በመረብ አነሳሁት። ጥቁር ክራፒ ነው፤ እሾሁን ቆጠርን፣ ሰባት። መንጠቆው ላይኛው ከንፈር ላይ ነው፤ ቀዳዳዋ የመርፌ ያህል ናት፤ አልሰፋችም።

እስከ ረፋድ አምስት ያዘ፤ አንድም አልተቀደደበትም። እኔ ዘጠኝ። ቤት ስንገባ እሱ ይገፍፋል፣ እኔ ፊሌቶውን አወጣለሁ። ባለቤቴ ሁዳዴ ስለሆነ ዓሣ አትቀምስም። የኛን ድርሻ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ለፋሲካ ማግስት አስቀመጥኩ። ያኔ ሎሚና ሚጥሚጣ ነካ አድርጌ፣ ዱቄት ለውሼ ነው የምጠብሰው። ሦስቱን ለጎረቤቴ ልጁ ራሱ ይዞለት ሄደ። ዘንጉንም ይዞ ነው የሄደው፤ ሊያሳየው። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲጎትተው በመስኮት አየሁት።